«ሌሊት» እንዴት «ሊሊት» ሆነ፦ የአንዲት የአዲስ አበባ ዲዛይነር የቅዳሜ ኅትመት

የ26 ዓመት ግራፊክ ዲዛይነር ናት። በ24 የአቡጀዴ ቦርሳዎች ላይ «ሌሊት» የሚለውን ቃል 45 45 ጊዜ ደርድራ አተመች። ቦርሳዎቹ ደርቀው አልጋ ላይ ሲዘረጉ ግን አብዛኛው ቃል የሚነበበው «ሊሊት» ተብሎ ነው። የ«ሌ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ቀለም ሞልቷት ተደፍናለች፤ ቀለበቷ ስትደፈን ደግሞ ኃምሱ ሣልስ ይሆናል። የጨርቁ ጥራት፣ የቀለሙ ድምቀት፣ የረድፎቹ አሰላለፍ፣ ሁሉም ደኅና ነበር። የከሸፈው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ቀዳዳ ላይ ነው።

ለዚያች ቀዳዳ መላ ለማግኘት ክረምቱም በጋውም አስፈልጓል። ቤት ውስጥ በስክሪን፣ ማለትም ቀለምን ፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት እያሳለፈ፣ የሚያትም ሰው ብቻ ሳይሆን፣ የግዕዝን ፊደል በትንሽ መጠን ጨርቅ ላይ ወይም ማኅተም ላይ ለማሳረፍ የሞከረ ሁሉ ይህችን ቀለበት ያውቃታል።

ሳምንቱ

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30፣ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ የማስታወቂያ ድርጅት ትሠራለች። የባንክ ካላንደር፣ የውኃ ጠርሙስ ስቲከር፣ ባነር፣ የሠርግ ካርድ። እዚያ ፊደል ተሰናድቶ ነው የሚመጣው፤ ወይ ከቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ፣ ወይ በነፃ ፈቃድ የሚሠራባቸው አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ። ደንበኛው ለነገ ይፈልገዋል፤ የፊደሉን እግር ማስረዘም ማሳጠር የሚባል ነገር የለም።

ፊደሉን በእጇ የምታገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። መቃ ቆርጣ ቁም ጽሕፈት ትለማመዳለች፤ በየሰፈሩ እየዞረች በእጅ የተጻፉ ታፔላዎችን በስልኳ ታነሳለች፤ ከወር አንዴ ወይም ሁለቴ ደግሞ ስቱዲዮ በሚባለው ባለ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ በስክሪን ታትማለች። ሦስቱ የማይገናኙ ትርፍ ሥራዎች ይመስሉ ነበር።

ታፔላ ማንሳቱ ከሦስቱ ቀላሉ ይመስላል፤ አይደለም። በቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈው ታፔላ በባነርና በስቲከር እየተተካ ስለሆነ የሚገኘው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ስልክ ወደ ሱቅ ያቀናች ወጣት ዝም ብላ አትታለፍም። አንዲት ባለ ሱቅ «እታለም፣ ምነው ታነሺዋለሽ? ልታስነሺን ነው?» ብለዋታል። ሰፈር በሚፈርስበት ከተማ ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ታፔላውን ማን እንደጻፈው መጠየቅ፣ ፎቶው በመጨረሻ። በዚህ መንገድ ከ200 በላይ ታፔላዎች ሰብስባለች፤ ሁሉም ከፊት ለፊት፣ በተቻለ መጠን ሳይዘም የተነሱ ናቸው፤ የዘመመ ፎቶ ላይ ፊደል መለካት አይቻልምና።

የቦርሳው ሐሳብ

ከአራተኛ ፎቅ መስኮቷ ማዶ ያለው ብሎክ ማታ የሚያሳየውን ነው ወደ ጨርቅ ያመጣችው። 9 ረድፍ፣ በየረድፉ 5 ጊዜ «ሌሊት»፤ 44ቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካንማ፣ መብራቱ ያልጠፋ አንድ መስኮት። መጀመሪያ የታሰበው ቢጫ ነበር። ያልነጣ አቡጀዴ ላይ ግን ውኃ ነክ ቢጫ ቀለም ቅቤ የነካው ጨርቅ ይመስላል፤ ስለዚህ ቀረ።

የፊደሉ ቁመት 14 ሚሊ ሜትር፣ የቃሉ ርዝመት 42፣ በቃልና በቃል መካከል 10 ሚሊ ሜትር። ጠቅላላው 25 በ19 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መጠኑ የተመረጠው ለውበት ብቻ አይደለም፤ አንድ ኤ4 ፊልም ላይ፣ ማለትም ሥዕሉ በጥቁር በሚታተምበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ፣ ስለሚያልቅ ነው። ከኤ4 ካለፈ ፊልሙ ሁለት ቦታ ተቀጥሎ መለጠፍ አለበት፤ ቅጥሉም ኅትመቱ ላይ ይታያል።

ቃሉን በ2 ሚሊ ሜትር መቃ ጽፋ፣ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጋ፣ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም መስመሩን አወጣች። በዚህ የመጀመሪያ ሥዕል የ«ሌ» ቀለበት ከዳር እስከ ዳር 2.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበራት፤ የመስመሯ ውፍረት 0.9 ስለነበር ለቀዳዳው የተረፈው 0.6 ነው። ይህቺ 0.6 ኮምፒዩተር ላይም ወረቀት ላይም ደኅና ትመስላለች።

ፍሬሙና ስክሪኑ

ፍሬሙን የሠሩላት አናጺ እንጨት ሲያስመርጧት፣ «ጋሼ፣ ባሕር ዛፉ አይረክስም?» አለች። «ይረክሳል ልጄ፤ ውኃ ሲነካው ግን ይጠማዘዛል፤ ያኔ እኔን ነው የምትረግሚው።» ጽድ ወሰደች። ልክ ነበሩ፤ ስክሪን በየኅትመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ አንድ ማዕዘኑ በአንድ ሚሊ ሜትር ከተነሳ ቀለሙ በዚያ በኩል ሳስቶ በሌላው ይደፋል። ልኩ ከውጭ 50 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ የእንጨቱ ስፋት 4። እንጨቱ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ መስታወት ላይ ተጋድሞ፣ አለመንገዳገዱ ታየ። ከውስጥ የቀረው 42 በ52 ሳንቲ ሜትር ለ25 በ19 ሥዕል ሰፊ ይመስላል፤ ግን ቀለም የሚጠራቀምበትና ስኩዊጂው፣ ማለትም ቀለሙን የሚገፋው ባለ ጎማ መጥረጊያ፣ የሚነሳበትና የሚያርፍበት ቦታ በየጫፉ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል።

የተወጠረው ፖሊስተር በሳንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ነው፤ ለጨርቅ ኅትመት የተለመደው። ስቴፕሉ ከአራቱም ጎን መሐል ተጀምሮ፣ ፊት ለፊት ባሉት ጎኖች እየተፈራረቀ፣ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ማዕዘን ይሄዳል። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሐሉ ላይ የማይጠፋ ርግብግቢት ያተርፋል። ተወጥሮ ሲያልቅ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ መጮህ አለበት። ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ኢሙልሽን፣ ማለትም ብርሃን ሲያገኝ ጠንክሮ ወንፊቱን የሚዘጋው ልባስ፣ አይይዝምና።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ነበር፤ ያኔ ማንም አላሰላውም። በሳንቲ ሜትር 43 ክር ማለት ከአንድ ክር መሐል እስከ ቀጣዩ 0.23 ሚሊ ሜትር ነው። የቀለበቷ ቀዳዳ ስክሪኑ ላይ በተቃራኒው የተዘጋ ቦታ ናት፤ ዙሪያዋ ክፍት ሆኖ መሐል ላይ ብቻዋን የቀረች የኢሙልሽን ደሴት። 0.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ደሴት ሦስት ክር እንኳ በቅጡ አትይዝም።

ክረምት፦ ብርሃኑ

የመጀመሪያው ስክሪን የተዘጋጀው በሐምሌ ነው። ኢሙልሽኑ ዲያዞ ከሚባለው በብርሃን ከሚያጠነክረው ኬሚካል ጋር የሚደባለቀው ዓይነት ነበር፤ በሁለቱም ገጽ አንድ አንድ ጊዜ ተቀብቶ፣ ጨርቁን የሚነካው ገጽ ወደ ታች ሆኖ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አደረ። ቤቱ ውስጥ ከቁም ሣጥን የጨለመ ቦታ የለም። ነገር ግን የክረምት ቁም ሣጥን ነው፤ ከጎኑ በቅጡ ያልደረቀ ሹራብ ተሰቅሏል። ጠዋት በጣት ሲነካ ደርቋል፤ ውስጡ ግን እርጥበት ይዟል። እርጥበት ያለው ኢሙልሽን ብርሃን ቢያገኝም አይጠነክርም።

ቀጥሎ ብርሃኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብም ብዙ ሳትርቅ ስለተቀመጠች ፀሐይዋ ለስክሪን የተመቸ ጉልበት አላት፤ በጥር ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የዲያዞ ኢሙልሽን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይበቃዋል። ሐምሌ ላይ ያ ፀሐይ የለም። በረንዳው ላይ ደመናው ሲከፈትና ሲዘጋ 5 ደቂቃ ተቆጠረ። የ5 ደቂቃ ደመና ምን ያህል ብርሃን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ በዚያ ላይ የደመና ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ በፊልሙ ጥቁር መስመር ሥር ሾልኮ ይገባል፤ ቀጫጭኖቹን የፊደል ክንዶች የበላቸው ይኸው ነው።

ሲታጠብ ደሴቶቹ ተነቃቅለው ሄዱ። ስክሪኑ ወደ መስኮት ተይዞ ሲቆጠር ከ44ቱ ቀለበቶች ቀዳዳቸው የተረፈው 19 ብቻ ነበሩ። ይህ ቆጠራ ትልቅ ነገር ነው። ቀለበት ተደፍኖ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስክሪኑ ላይ አለች ወይ?» መሆን አለበት። ስክሪኑ ላይ ከሌለች ጥፋቱ ከብርሃን፣ ከመድረቅ ወይም ከፊልም ነው። ስክሪኑ ላይ እያለች ጨርቁ ላይ ከጠፋች ጥፋቱ ከቀለም ወይም ከፊደሉ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ስክሪን ደጋግሞ መሥራት ኢሙልሽን መጨረስ ነው።

ጥፋቱ አንድ በአንድ ተቃና። ቁም ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ትንሽ ቬንትሌተር ገባበት፤ 6 ሰዓት ይነፍሳል። ለብርሃኑ ባለ 50 ዋት ዩቪ (አልትራቫዮሌት) ኤልኢዲ መብራት ከስክሪኑ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተሰቀለ። ከሥር ጥቁር ስፖንጅ፣ በላዩ ስክሪኑ፣ ከዚያ ፊልሙ፣ ከሁሉም በላይ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት። ፊልሙ የሚቀመጠው ተገልብጦ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ያለበት ገጽ ራሱ ኢሙልሽኑን እንዲነካ። የፊልሙ ውፍረት መሐላቸው ከገባ ብርሃን ይሾልካል።

ፊልሙ ራሱም አጥፍቷል። ፎቶ ኮፒ ቤት በሌዘር የወጣው ፊልም ጥቁሩ ሳስቶ ስለነበር ሁለት ቅጂ ተደራርቦ ተለጠፈ። ሌዘር ማሽን ፊልሙን ያሞቀዋል፤ ሲሞቅ ልኩ በጥቂቱ ይዛባል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ደግሞ እኩል አይዛቡም። አንደኛው ጥግ ላይ ሲገጥሙ ሌላው ጥግ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ተዛንፈው ነበር። ከ0.6 ቀዳዳ ላይ 0.2 ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ግልጽ ነው። መፍትሔው በኢንክጄት በአንድ ፊልም ማውጣት ሆነ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ፊልሙን ወደ አምፖል ይዞ በጥቁሩ ውስጥ የአምፖሉ ቅርጽ ከታየ አልጠቆረም ማለት ነው።

ከዚያ የደቂቃ ሙከራ ተደረገ። ሥዕሉ በካርቶን ተሸፍኖ በየደቂቃው አንድ ረድፍ እየተገለጠ፣ ከ1 እስከ 9 ደቂቃ፤ 9 ረድፍ መኖሩ እዚህ ጠቀመ። እስከ 4 ደቂቃ ያገኙት ሲታጠቡ ከውስጥ በኩል አንሸራታች ነበሩ፤ ያልበሰለ ኢሙልሽን ምልክቱ ይህ ነው። ከ8 በላይ ያገኙት ደግሞ ቀጭን መስመራቸው በውኃ አልከፈት አለ። 6 ደቂቃ ተመረጠ፤ ለዚህ መብራት፣ ለዚህ ኢሙልሽን፣ ለዚህ ርቀት ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ሥራው አይበላሽም፤ ያለፈውን ደቂቃ ጽፎ፣ ሳያንቀሳቅሱ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ መጠበቅና መብራቱ ሲመጣ ቀሪውን መጨመር ነው። ብርሃኑ ይደመራል።

ማጠቢያው ላይ ሌላ ችግር አለ፦ የኮንዶሚኒየም ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊት የለውም። ለአትክልት መድኃኒት የሚረጩበት ባለ 5 ሊትር በእጅ የሚነፋ መርጫ ተገዛ። አንድ ስክሪን ግማሽ ጀሪካን ውኃ ይፈጃል። መርጫው ቀለበቶቹ ላይ ከቅርብ ሲተኮስ ደሴቶቹን ይነቅላል፤ ከ40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ይተዋቸዋል።

በዚህ ሁሉ በመስከረም ስክሪኑ ላይ 44ቱም ቀለበቶች ተገኙ። ነገሩ አለቀ ተብሎ 24ቱ ቦርሳዎች የታተሙት ያኔ ነው። የሆነው ከላይ ተነግሯል።

ቀለሙና ጨርቁ

ሁለተኛው ጥርጣሬ ቀለሙ ላይ ወደቀ፤ ለዚህም ማስረጃ ነበር። ቦርሳዎቹ በታተሙበት ተራ ሲደረደሩ የመጀመሪያው ላይ ከግማሽ በላይ ቀለበቶች ክፍት ነበሩ፣ አምስተኛው ላይ ጥቂት፣ አሥረኛው ላይ ምንም። በየግፊቱ ጥቂት ቀለም በስክሪኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ቀጣዩ ጨርቅ ላይ የሚታተመው ያ የተጠራቀመው ጭምር ነው።

የቀለሙን መስፋፋት በቁጥር ለማየት 0.3፣ 0.5፣ 0.7 እና 1.0 ሚሊ ሜትር መስመሮች፣ በመሐላቸውም እኩል ክፍተቶች ያሉት ትንሽ መፈተኛ በዚያው አቡጀዴ ላይ ታተመ። 0.3 እና 0.5 ክፍተቶች ተዘጉ፤ 0.7 ጠበበ፤ 1.0 ግማሽ ያህሉ ቀረ። ቀለሙ በየጎኑ ከ0.25 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይስፋፋል ማለት ነው። 0.6 ቀዳዳ ከሁለቱም ጎን 0.3 ሲበላባት ዜሮ ትሆናለች። አቡጀዴ ክሩ ወፍራም ነው፤ ቀለሙ በክሩ መንገድ ይሄዳል፤ ወረቀት ላይ ይህ አይደርስም፣ ለዚያም ነው የወረቀቱ ሙከራ ያታለለው።

መቀነስ የሚቻለውን ቀነሰች። በስክሪኑና በጨርቁ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት በካርቶን ቁራጭ ተሠራ፤ ስኩዊጂው ሲያልፍ ብቻ ነክቶ ወዲያው እንዲለቅ። ለስላሳው ጎማ ከ70 እስከ 75 ጥንካሬ ባለው ተተካ። ሁለት ጊዜ መግፋት ቀረ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ 75 ዲግሪ ያህል ዘንበል ተደርጎ። በየስድስት ጨርቁ የስክሪኑ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። አቡጀዴውም ሳይቆረጥ ይታጠባል፤ ከመርካቶ ሲመጣ ስታርች አለበት፤ ስታርቹ ቀለሙን አላሰርጽ ብሎ ወደ ጎን ይገፋዋል።

መስፋፋቱ ወደ 0.2 ወረደ። ከዚያ በታች አልወርድ አለ። 0.6 ላይ 0.4 ተቀንሶ የሚቀረው 0.2 ነው፤ አንድ ወጣ ያለ ክር ይደፍነዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ በሳንቲ ሜትር 77 ክር ያለው ስክሪን መግዛት ነው። ያ ለወረቀት ጥሩ ነው። ለሻካራ ጨርቅ ግን የሚያሳርፈው ቀለም ስስ ስለሆነ ሰማያዊው ይገረጣል፤ ቀለሙም ቶሎ ክሩ መሐል ይደርቃል፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ አየር።

መልሱ የነበረበት ቦታ

የአዲስ አበባ ታፔላ ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ቃል «ቤት» ነው። ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ቡና ቤት፣ መድኃኒት ቤት። ታፔላ ጸሐፊ በሙያ ዘመኑ ስንት ሺህ «ቤ» እንደሚጽፍ ይታሰብ። ቀለሙ ዘይት ነው፣ ወፍራም፣ ቆርቆሮ ላይ የሚንሸራተት፤ ቀለበቷ ብትደፈን «ምግብ ቢት» ይሆናል፣ ባለቤቱም አይከፍልም። እነዚህ ሰዎች ጥያቄውን ከዲዛይነሯ በፊት ፈትተውታል፤ መልሳቸው ስልኳ ውስጥ ተቀምጧል።

ፎቶዎቹ ላይ የቀለበቷን ስፋት ለፊደሉ ቁመት አካፈለች። የራሷ ከመቃ የወጣችው አንድ ስድስተኛ ነበረች። የታፔላዎቹ ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ናቸው። ሌላም አለ፦ ታፔላ ጸሐፊው ቀለበቷ ላይ ሲደርስ በብሩሹ ጫፍ ብቻ ይሠራል፤ ስለዚህ የቀለበቷ መስመር ከእግሩ ይቀጥናል። ቀለበቷም እግሩ ላይ አትለጠፍም፤ በአጭር አንገት ትርቃለች። መቃው ደግሞ ለቀለበቷ ብሎ እንዲህ አይቀጥንም።

ይህ የቁም ጽሕፈት ጉድለት አይደለም። ቁም ጽሕፈት ለብራና ነው የተሠራው፤ በደንብ የተፋቀ ብራና ላይ ቀለም ካረፈበት አይርቅም፤ ጸሐፊው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢተው ግማሽ ሚሊ ሜትር ሆና ትኖራለች። ፊደሉ ከብራና ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማተሚያ ብረት የገባው በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በዮሐንስ ፖትከን በታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል የቀረጸ ሁሉ ከቀለም ጋር ስለ ቀዳዳዎቹ ሲደራደር ኖሯል። ቦርሳው ላይ የከሸፈው ለብራና የተሳለ ፊደል ያለ ድርድር አቡጀዴ ላይ ማረፉ ነው።

አዲሱ «ሌ» በመጀመሪያ ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ፤ ቀለበቷ የቁመቱ አንድ ሦስተኛ ስትሆን ፊደሉ የማይሆነውን ጫማ ያደረገ ሕፃን መሰለ። ቆርቆሮ ላይ ለብቻው የሚያምር 45 ጊዜ ሲደጋገም ያስቃል። ወደ አንድ አራተኛ ተመለሰች፦ ስፋቷ 3.4፣ ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር፣ ሞላላ፤ የመስመሯ ውፍረት 0.7። ቀዳዳዋ 2 በ1.6 ሆነች፤ ቀለሙ በየጎኑ 0.2 እንኳ ቢበላ 1.6 በ1.2 ይቀራታል። ስክሪኑ ላይም ደሴቷ አሁን በአግድሙ ስምንት ክር ያህል ትይዛለች፤ መርጫውን አትፈራም። ፊደሉ በአንድ ሚሊ ሜትር ስለሰፋ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ወደ 9 ወረደ፤ ረድፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ አልረዘመም። መላው ሥዕል ደግሞ ፊልም ላይ ከመውጣቱ በፊት በየጎኑ 0.15 ሚሊ ሜትር ተከሳ፤ ቀለሙ መልሶ እንዲያወፍረው።

ከሁሉ የበለጠው ማስተካከያ ግን «ሌ» ላይ ሳይሆን «ሊ» ላይ የተደረገው ነው። የ«ሊ» እግር ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ፤ የ«ሌ» ቀለበት ደግሞ ከመሬቱ መስመር በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ አለች። ሐሳቡ ቀለበቷ ጨርሳ ብትደፈን እንኳ የሁለቱ ጥላ እንዳይመሳሰል ነው። ለመፈተን ቀለበቶቹ ሁሉ ሆን ተብለው በጥቁር ተሞልተው ታተሙና ጎረቤት ላለች የአንደኛ ክፍል ተማሪ ተሰጧት። «ሌሊት» ብላ አነበበች፤ ቀጥላም «ግን ቀዳዳውን ረስታችሁታል» አለች።

ሁለተኛው ኅትመት

ጥር ላይ ነው። በዚህኛው ዙር ከተሰፋ ቦርሳ ላይ ማተም ቀረ፤ የጎኑ ስፌት ከጨርቁ ከፍ ስለሚል ስኩዊጂውን ያንገዋልለዋል። ጨርቁ ተቆርጦ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ታተመ፤ ልብስ ሰፊው በኋላ ገጠመው። 200 ግራም ባይንደር (ቀለሙን ጨርቁ ላይ የሚያጣብቀው) ላይ 10 ግራም ሰማያዊ ፒግመንት (ቀለም ሰጪው) ተደባለቀ። «ይበልጥ ይጥቆር» ብሎ ፒግመንቱን እጥፍ ማድረግ ያጓጓል፤ ባይንደሩ ሊይዘው የማይችለው ፒግመንት ግን ሲታሽ በእጅ ላይ ይወጣል።

አየሩ ደረቅ ስለነበር ቀለሙ ስክሪኑ ላይ እንዳይደርቅ ከእያንዳንዱ ኅትመት በኋላ ስኩዊጂው ሳይጫን ቀለሙን መልሶ ያለብሰዋል። መሐል ላይ ስልክ ማንሳት የለም። አምስት ደቂቃ የቆመ ስክሪን ቀለበቶቹ ዙሪያ ይደርቃል፤ ያኔ ቀለበቷ ጨርቁ ላይ በከፊል ትጠፋለች፤ የድሮው ችግር በተቃራኒው። ብርቱካንማው ቃል በ20 በ25 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ፍሬም ለብቻው ታተመ። ሁለቱ ቀለሞች የትም ስለማይነካኩ አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ ማንም አያይም፤ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር የተለጠፉ ሁለት የካርቶን ማዕዘኖች በቂ ናቸው።

ኅትመቱ በገመድ ላይ አድሮ በካውያ ተተኮሰ፤ በጥጥ ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ በላዩ ወረቀት ተደርጎ፣ ካውያው በሚሸፍነው ቦታ ሁሉ 4 4 ደቂቃ። በዚያ ቀን መብራት ስለጠፋ ግማሹ በማግስቱ ተተኮሰ፤ ልዩነት የለውም፤ የደረቀ ግን ያልተተኮሰ ኅትመት እስካልታጠበ ድረስ ቀናት ይቆያል። ከሦስት ቀን በኋላ አንዱ ቦርሳ ለብ ባለ ውኃ በሳሙና ታሽቶ ተፈተነ፤ አልለቀቀም።

በ24ቱ ላይ ያሉት ቀለበቶች 1,080 ናቸው። የተደፈኑት 13፤ ዘጠኙ አንድ ቦርሳ ላይ፣ ስክሪኑ ሳይጠረግ ስምንተኛ ላይ በደረሰ ጊዜ። ሌላ አንድ ቦርሳ ብርቱካንማው መስኮት ከረድፉ ወጥቶ ቀርቷል፤ እሱን ለራሷ አስቀርታዋለች።

ከዚህ በኋላ በደብተሯ ላይ ለእያንዳንዱ ኃምስ ፊደል በዚህ ስክሪንና በዚህ ጨርቅ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ቁመት እየተጻፈ ነው። «ሌ» እና «ቤ» 14 ሚሊ ሜትር ተብለዋል። «ሜ» ግን የራሷ ሁለት ቀዳዳ ላይ ሦስተኛ ስለሚጨመርባት በ14 አልሆነችም፤ በ16ም ተሞክራ የግራው ቀዳዳ ተዘግቷል። አሁን ከጎኗ በእርሳስ የተጻፈው 18 ነው፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር።